ታርት፣ ቶርታና ቂጣ

ባለፈው እሑድ ልጄ በቅቤ የታሸ ሊጥ በትሪ ላይ ዘርግታ፣ ዳር ዳሩን በጣቶቿ እየቆነጠጠች ካቆመች በኋላ፣ የመፀውን ዱባ፣ ባሮ ሽንኩርትና ካሮት ደርድራ ጋገረችና «አባባ፣ የአትክልት ኬክ ይቅመሱ» ብትለኝ፣ ጣዕሙን እያደነቅሁ ሳለ ስሙ ከግብሩ አለመስማማቱ ከነከነኝ፤ ኬክ በልማዳችን ጣፋጭ ነውና ጨውና ቁንዶ በርበሬ ለገባበት ምግብ ስም ሊሆን አይገባውም። ፈረንሳዮች ታርት የሚሉት ይህ ምግብ፣ ብዙ ሊቃውንተ ልሳን እንደሚያመለክቱት፣ ክብ ዳቦን ከሚጠራው የላቲን ቃል ከ«ቶርታ» ጋር ይዛመዳል፤ ያው ቃል በጣልያንኛ በኩል ወደ እኛ ገብቶ በክሬም የተሸለመው ኬክ መጠሪያ ሲሆን፣ በሜክሲኮ ደግሞ «ቶርቲላ» ተብሎ እንደ ቂጣችን ስስ ሆኖ በምጣድ የሚጋገረውን የበቆሎ እንጀራ ይሰይማል። እነሆ፣ አንዱ ሥር ሦስት ቅርንጫፍ አወጣ። እርሾ ያልነካውን ሊጥ ጋግረን ቂጣ የምንል ሕዝብ ስለሆንን፣ ይህንንም ዙሪያው ከፍ ብሎ አትክልቱን ስለሚያቅፍ «ባለ ከፈፍ ቂጣ» ብንለው፣ መልኩንም ባሕርዩንም በአንድነት ይገልጽልናል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የባዕድ ቃል ከመዋስህ አስቀድሞ የእናትህን ማጀት ፈትሽ።