የማን ልጅ ነሽ?

በቢቸና ወይም በሞጣ ገበያ ከአንድ አዛውንት ጋር አረፍ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ብዙውን ጊዜ ከስማችሁ በፊት «የማን ልጅ ነህ? የማን ልጅ ነሽ?» ይሏችኋል። የአባታችሁን ስም ስትነግሯቸው ወደ አያታችሁ፣ ከዚያም ወደ ቅድመ አያታችሁ ይሻገራሉ። ጥያቄው ዛሬ ሰላምታ ይመስላል። በአያቶቻችን ዘመን ግን የእንጀራ ጥያቄ ነበር።

በጎጃም መሬት በርስት ይያዝ ነበር። አንድ ሰው የመሬቱ ቀዳሚ ባለቤት ተወላጅ መሆኑን በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቆጥሮ ካስረዳ ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበረው። ዘር መቁጠር መሬት ማግኘት ነበር ማለት ነው። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲያመጣ የቢቸናና የሞጣ ገበሬዎች መሣሪያ አንሥተው ተቃወሙ። ያስቆጣቸው ግብሩ ብቻ አልነበረም፤ ርስታችን ሊነካ ነው የሚለው ሥጋትም ነበር።

ነገር ግን በዚያ ቆጠራ የማይገቡ ሰዎች ነበሩ። ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ በባላባቱ ቤት የሚያገለግሉ ባሪያዎችና ልጆቻቸው የርስት ድርሻ አልነበራቸውም። ባሪያው ስሙ እንኳ የራሱ አልነበረም፤ ጌታው ደስ ያለውን ያወጣለታል። ውኃ የሚቀዱት፣ እህል የሚፈጩት፣ የጌታቸውን ልጅ አዝለው የሚያሳድጉት እነርሱ ናቸው። የቤቱን ምሥጢር ሁሉ ያውቃሉ፤ የቤቱ ትውልድ ሲቆጠር ግን ስማቸው አይነሣም። ባርነትን የሻረው ዐዋጅ በ1934 ዓ.ም. ወጣ። የርስት ሥርዐት ደግሞ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ አከተመ።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1887 ዓ.ም.፣ ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኦስካር ዋይልድ የተባለ ደራሲ በለንደን አንድ ኮሜዲ ለመድረክ አበቃ። ጃክ የተባለ ወጣት አንዲትን የመሳፍንት ዘመድ ሊያገባ ይፈልጋል። እናቷ ሌዲ ብራክኔል ግን «ወላጆችህ እነማን ናቸው?» ብለው ይይዙታል። ጃክ በባቡር ጣቢያ የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል፣ በእጅ ቦርሳ ውስጥ የተገኘ ሕፃን ስለ ነበር መልስ የለውም። ተመልካቹ በሴትዮዋ ኩራት ይስቃል። በመጨረሻ የልጁን ማንነት የምትገልጠው ማን ናት? ከብዙ ዓመት በፊት ሕፃኑን በስሕተት ቦርሳው ውስጥ የከተተችው የቀድሞ ሞግዚት ናት። ጃክ የሌዲ ብራክኔል የእኅት ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ ጋብቻውም ተፈቀደ። ልብ በሉ፤ ተውኔቱ በዘር ጥያቄ ሲስቅ ቆይቶ ችግሩን የፈታው ለጃክ ዘር በመስጠት ነው።

የእኛው ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ይህን አላደረጉም። በልጅነታቸው በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ዋና ታሪኩ የሚካሄደው በዚሁ በቢቸና አቅራቢያ ባለው ዲማ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን የሚጠይቁትን ሁሉ ዘራቸው አይመጥንም እያሉ ሲመልሱ ዕድሜዋ ይነጉዳል። ኋላ እንዲያስተምራት የመጣው በዛብህ ልቧን ያገኛል። በዛብህ ግን የገበሬ ልጅ ነው። ለእርሱ ቦርሳ ከፍታ «ይህ ልጅ የባላባት ዘር ነው» የምትል ሞግዚት አልመጣችም። ሐዲስ በዛብህን እስከ መጨረሻው የገበሬ ልጅ አድርገው ተዉት። በዚህም ጥፋቱ የልጁ አለመሆኑን፣ ሰውን በዘር የሚለካው ሚዛን መሆኑን አሳዩን። መጽሐፉን ያነበበ ሰው በዛብህን የሚወድደው የማን ልጅ መሆኑን መዝኖ አይደለም።

የሶርያው የጦር አለቃ የንዕማን ታሪክም ይህን ያስታውሰናል። የመዳኛውን መንገድ ያመለከተችው ተማርካ የመጣች ትንሽ ልጅ፣ የሚስቱ አገልጋይ ነበረች። የጌታዋ ስም ተጽፏል፤ የእርሷ ግን አልተጻፈም። ሆኖም ያለ እርሷ ቃል ንዕማን ከለምጹ ባልነጻ ነበር።

ዛሬ ርስት የለም፤ ባርነትም በሕግ ተሽሯል። ሚዛኑ ግን ከቤታችን ወጥቷል? ከቢቸናና ከሞጣ ገጠር ለቤት ሠራተኝነት ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ እኅቶች አሉ። በደላላ በኩል አንድ ቤት ይገባሉ። ከሁሉ በፊት ይነሣሉ፤ ከሁሉ በኋላ ይተኛሉ። ጎረቤት ስለ እነርሱ ሲጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ «ሠራተኛችን ናት» የሚል ብቻ ነው።

እንግዲህ የአዛውንቶቹን ጥያቄ አንጣለው፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። የከፋው ሰውን ለመመዘኛ ስንጠቀምበት ነው። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ቡና የምታፈላውን እኅት አጠገቧ ተቀምጣችሁ «የማን ልጅ ነሽ?» በሏት። የአባቷን ስም፣ የእናቷን ስም፣ የሰፈሯን ስም ጠይቋት። ከዚያም የነገረቻችሁን አትርሱ።