የስምንተኛው ቀን ምላጭ

ይህን ርዕስ ሴት ልጅ መጻፏ የሚያስቃችሁ ካላችሁ፣ ሳቃችሁን ጨርሱና እንቀጥል።

ነገሩ የተጀመረው ዘጌ ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዤ አያቴ ዘንድ ሄጄ፣ ቡና እየተቆላ ሳለ የጎረቤት አራስ ልጅ ሊገረዝ መሆኑ ተነሣ። «እማማ፣ ግን ወንድ ልጅ ለምንድን ነው የሚገረዘው?» አልኳቸው። አብርሃምን ይጠቅሱልኛል፣ ወይም ጥር 6 የሚከበረውን የጌታን ግዝረት ያነሡልኛል ብዬ ነበር። «ወግ ነዋ ልጄ! ያልተገረዘማ ምን ሰው ይባላል?» ብለው ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ያኔ ሳቅሁ። በኋላ ታሪክ ሳገላብጥ ግን አንድ ንጉሥ ከአያቴ ጋር አንድ ዓይነት መልስ ሰጥተው አገኘኋቸው። የፖርቱጋል ካህናት «እናንተ አይሁድ ናችሁ እንጂ ክርስቲያን አይደላችሁም፤ ትገረዛላችሁ፣ ቅዳሜን ታከብራላችሁ» እያሉ ሲከስሱ፣ አፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 የሃይማኖት መግለጫቸውን ጻፉ። ስለ ግርዛት የሰጡት ማብራሪያ ቁልጭ ያለ ነው፤ የምንገረዘው እንደ አይሁድ በሕግ ተገድደን አይደለም፣ ለመዳንም አይጠቅመንም፣ ያገር ልማድ ነው የሚል። እንዲያውም በኢትዮጵያና በኑብያ ፊት ላይ ከሚበጣ ጠባሳ፣ ሕንዶችም ጆሯቸውን ከሚበሱት ጋር አመሳሰሉት። አንድ ንጉሠ ነገሥት ግርዛትን ከጆሮ መበሳት እኩል ሲያደርገው አስቡት!

ልማድ ነው ተብሎ ግን በቀላሉ አልተተወም። ከዘጌ ሐይቁን ወደ ሰሜን ብታቋርጡ ጎርጎራ ትደርሳላችሁ፤ የኢየሱሳውያኑ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ያለበት። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ አወጁ፣ በ1625 ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ መጡ። ከተከለከሉት ነገሮች አንዱ ግርዛት ነበር። ጦርነቱ የተነሣው በሸለፈት ብቻ ነው አልልም፤ ቅዳሜ ሰንበት ነበር፣ ዳግም ጥምቀት ነበር፣ ሥልጣንም ነበር። ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1632 ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለፋሲል ለቀቁ። ምላጩም ወደ ቦታው ተመለሰ።

(«ወግ ነው» የሚለው መልስ ሴቶቹንም ለዘመናት አስቆርጧል። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ነገሩ የተለያየ ነው። የሴት ልጅ ግርዛት አንድም የጤና ጥቅም የለውም፣ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ይቀጣበታል። ወደ ወንዶቹ እንመለስ።)

ወደኛ ዘመን ስንመጣ የቄሱን ቦታ ሐኪሙ ወሰደው። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረጉ ሦስት ጥናቶች ግርዛት ወንዱ ኤች አይ ቪ ከሴት የመያዝ ዕድሉን በ60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳዩ። የሸለፈት ውስጠኛ ቆዳ ስስ ነው፤ ቫይረሱ የሚጣበቅባቸው ሴሎችም ይበዙበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ግርዛትን ለመከላከያነት መከረ፤ እኛ አገር ዘመቻው ያተኮረው ግርዛት እምብዛም ባልተለመደበት ጋምቤላ ላይ ነበር።

ይህን የሰሙ ወንድሞቻችን «እኛማ ተገርዘናል!» ሲሉ ሰምቻለሁ። እስቲ ቆም በሉ። በአገራችን ከ10 ወንዶች ከ9 በላይ የተገረዙ ናቸው። እንዲህም ሆኖ ቫይረሱ እ.ኤ.አ. በ1984 ከታየ ወዲህ ስንቱን ቤት ዘጋ! ባሕር ዳር ክፉኛ ከተጎዱት ከተሞች አንዷ ነበረች። 60 በመቶ 100 አይደለም፤ ሴቲቱንም በቀጥታ አይጠብቃትም።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። በስምንተኛው ቀን ሁሉም ሰው ምላጩን ያያል እንጂ ልጁን የሚያይ የለም። ከ200 እስከ 300 ከሚሆኑ ወንድ ሕፃናት አንዱ የሽንት ቀዳዳው ከብልቱ ጫፍ ሳይሆን ከሥር በኩል ተከፍቶ ይወለዳል። ይህ ልጅ መገረዝ የለበትም! ቀዳዳውን በቀዶ ሕክምና ለማስተካከል ሐኪሙ የሚጠቀምበት ቆዳ ያው ሸለፈቱ ነውና። ገራዡ ቆርጦ ከጣለው በኋላ ምን ይደረጋል? ቆለጥም አለ። ጊዜያቸውን ጠብቀው ከሚወለዱ 100 ወንዶች የ3ቱ ያህል አንዱ ወይም ሁለቱም ፍሬ ወደ ከረጢቱ አይወርድም። ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይወርዳሉ፤ በ6 ወሩ ካልወረደ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ቀዶ ሕክምናው እስከ አንድ ዓመት ተኩል ድረስ ቢደረግ ይመረጣል፤ ቸል ከተባለ መካንነትም የፍሬ ካንሰርም ሊያስከትል ይችላል። ይህን ለማወቅ የሞቀ እጅና የአንድ ደቂቃ ዳሰሳ ይበቃል።

ከዚያ ቀን በኋላ ደግሞ ዝምታ ነው። ጎረምሳ ልጅ አንዱን ቆለጡን ድንገት ክፉኛ ሲያመው ለማን ይናገራል? ፍሬው ተጠምዝዞ ደም ተቋርጦበት ሊሆን ይችላል፤ በ6 ሰዓት ውስጥ ካልተፈታ የመትረፍ ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል። ልጁ ግን አፍሮ «ሆዴን ነው» ብሎ ያድራል።

በሚቀጥለው ጉዞዬ ይህን ሁሉ ለአያቴ ነገርኳቸው፤ እየተሽኮረመምኩም ቢሆን። ሲኒያቸውን አስቀምጠው ትንሽ ቆዩና «የነዚያ ልጅስ ታይቶ ነበር?» አሉኝ።

ጠይቄ እንዳልነበር ያኔ ገባኝ። ነጠላዬን አደረግሁና ወደ ጎረቤት ወጣሁ።