ድር ባያብርስ?

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አንድ ነገር ፈጽሞ አልገባኝም ነበር። ሴራሚክ ማለት እኮ የስኒ ዘመድ ነው፤ ከእጅ ካመለጠ አለቀለት። እና «ሴራሚክን በሴራሚክ ክር ማጠናከር» ሲባል፣ ተሰባሪን በተሰባሪ መደገፍ ምን ይረባል? አልጠየቅኩም። ሸምድጄ ተፈተንኩ፣ ተመረቅኩ፣ ሶፍትዌር ውስጥ ገባሁ። መልሱን ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ የክሩን ታሪክ ሳነብ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ጃፓን፣ ቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሲሊከን ካርባይድ ብርጭቆ ወረቀት ላይ የሚለጠፈው ጠንካራ ዱቄት ነው። እንደ ናይለን አቅልጦ ክር መሳብ አይሞከርም። ሴይሺ ያጂማ ቅደም ተከተሉን ገለበጡት፦ ሲሊከንና ካርቦን ያለበት ፖሊመር ሠርተው መጀመሪያ ክር አደረጉት፣ ከዚያ ምድጃ ውስጥ ከ1200 ዲግሪ በላይ አሙቀው ወደ ሴራሚክ ቀየሩት። ሥራው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ኒፖን ካርቦን የተባለው ኩባንያ ደግሞ «ኒካሎን» ብሎ ለገበያ አወጣው። አንዱ ዘለላ ውፍረቱ 14 ማይክሮን ገደማ ነው፤ 500 ዘለላ ተሰብስቦ ነው አንድ ፈትል የሚሆነው።

ግን አንድ ጣጣ ነበረበት። ክሩ ምድጃ ሲገባ ቀልጦ እንዳይጣበቅ አስቀድሞ አየር ውስጥ ያሞቁታል፣ በዚያው ኦክስጅን ይገባበታል። ያ ኦክስጅን ክሩ በኋላ በጣም ሲግል ጋዝ ሆኖ ይወጣና ያዳክመዋል። ለመገላገል ብላችሁ ማታ የጻፋችሁት ኮድ ከሁለት ዓመት በኋላ ሰርቨር ሲጥል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱው ነው። በአየር ፈንታ በኤሌክትሮን ጨረር ማጠንከር ሲጀመር «ሃይ-ኒካሎን» መጣ።

ሽመናውም የዋዛ አይደለም። ክሩ ቀጭን ስለሆነ ይጎብጣል፣ ግን አይለጠጥም። ማሽኑ ላይ በሹል ጥግ ከዞረ ወይ እርስ በርሱ ከተፋተገ ይበጣጠሳል። ስለዚህ ድርና ማግ ከመሆኑ በፊት ስስ ፖሊመር ይቀባል፤ ጨርቁ ካለቀ በኋላ ቅባቱ ተቃጥሎ ይወገዳል።

የኔ ጥያቄ የተመለሰው ከዚህ ቀጥሎ ባለው ቅባት ነው፦ ቦሮን ናይትራይድ። ክሩ በዙሪያው ካለው ሴራሚክ ጋር ጥብቅ ብሎ ከተያያዘ፣ የመጣው ስንጥቅ ክሩንም ቆርጦት ያልፋል። ለስላሳው ቅባት መሃል ካለ ግን ስንጥቁ ክሩጋ ሲደርስ አቅጣጫ ይቀይራል፤ ክሩ ትንሽ እየተንሸራተተ ሁለቱን ወገን ይዞ ይቆያል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብለን ላደግን ሰዎች ትንሽ ይከብዳል መቼስ። እዚህ ከልክ በላይ ያበረ ድር አብሮ ይሰበራል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሊፕ የተባለው ሞተር በኤርባስ ኤ320ኒዮ ላይ መንገደኛ ማጓጓዝ ሲጀምር፣ የተርባይኑን ምላጮች የሚከበው ቀለበት ከዚህ ቁስ የተሠራ ነበር። (እሱ ላይ ክሩ አይሸመንም፤ ተቀብቶ በአንድ አቅጣጫ ይነጠፍና ንጣፎቹ ይደራረባሉ።) ከያጂማ ጽሑፍ 41 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እኔ ያኔ ፈተናው ላይ «ክሩ በጠበቀ ቁጥር ሴራሚኩ ይጠነክራል» ብዬ ጽፌ ነበር። ሙሉ ነጥብ ነው የተሰጠኝ።