ከጋፋት እስከ አዋጁ

ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ መሥሪያ ነበረች። ዋልድማየርና ባልደረቦቹ ወንጌል ሊሰብኩ መጡ፤ ንጉሡ የፈለጉት ግን የእጃቸውን ሙያ ነው። እነርሱ የሠሩት ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ተጎተተ።

በውጭ ገንዘብ የሚረዳን በጎ አድራጊ ሥራ የሚወስነው ማን ነው? በጋፋት የንጉሡ ቃል በቂ ነበር። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ደግሞ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝን ማኅበር በሰብአዊ መብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። ጉድጓድ ይቆፍር፤ ውሃው መብት ነው አይበል እንደ ማለት!

በ2010 ዓ.ም. በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሥር የተቋቋመው የሕግና የፍትሕ ጉዳዮች አማካሪ ጉባኤ ሕጉን መረመረ፤ ባለጉዳዮቹን አወያይቶ ረቂቅ አቀረበ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የ10 በመቶውን ገደብ ሻረ። የመራጮች ትምህርትና የምርጫ ትዝብት ግን፣ ሌላ ሕግ ካልፈቀደ በቀር፣ ለውጭ ድርጅቶች እንደ ተዘጋ ወጣ።