የአባዬ ላንድሮቨር በስንት ቋንቋ ትፈታለች?

አባዬ ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ግቢያችን ውስጥ አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ፒካፕ በሌላ መኪና ተጎትታ ገባች። ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ላይ ነው የገዛት። እማዬ በረንዳው ላይ ቆማ ከጎማ እስከ ጣራ አየቻትና አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ «ይቺን እኮ ቆራሌው እንኳን አይወስዳትም!»

እማዬ ተሳስታ ነበር። ቆራሌው እንዲህ ዓይነት መኪና አጥብቆ ይፈልጋል። ምክንያቱ ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ይጀምራል። ያኔ እንግሊዝ ውስጥ ብረት በኮታ ነበር የሚታደለው። የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ በእርሻው ላይ ከጦርነት የተረፈች የአሜሪካ ጂፕ ነበረችው፤ እሷን እያየ የራሱን የገበሬ መኪና አሰበ። ብረት ስላልተገኘ አካሏ ከአሉሚኒየም ቅይጥ እንዲሠራ ተወሰነ። ላንድሮቨር በሚያዝያ 1940 ዓ.ም. አምስተርዳም ላይ በተካሄደ የመኪና ትርዒት ለሕዝብ ታየች። በችግር የተመረጠው አሉሚኒየም ዕድሜ ሰጣት፤ ዝናብ ቢመታት ላይዋ እንደ ሌላ መኪና አይበላም። ዛሬ መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚደርስ አሮጌ አሉሚኒየም ደግሞ ቀልጦ ድስት ይሆናል። ስንት ላንድሮቨር አሁን ሽሮ እየተሠራባት እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

ችግሩ ከሥር ነው። ሻንሲው ብረት ነው። አባዬ ክሪክ ገብቶላት ከሥሯ ተኝቶ በመዶሻ ቀስ እያደረገ ሲነካው ዝገቱ እንደ ቆሎ ረገፈ። «ላይዋ ደህና ነው፣ አጥንቷ ነው የታመመው» አለኝ። ሊብሬዋ ላይ የተሠራችበት ዓመት በእርጥበት ጠፍቷል፤ እሱ ግን አልተቸገረም። የፊት መብራቶቿን አሳየኝ። ሁለቱም መሃል ላይ፣ ከራዲያተሩ ፊት ተጠጋግተው ነው ያሉት። ወደ ዳርና ዳር ፓራፋንጎ ላይ የወጡት በ1960ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ አካባቢ ስለሆነ ይቺ ከዚያ በፊት የተሠራች ናት ማለት ነው። ዕድሜዋ ከሱ ብዙም አያንስም።

የኔ ሥራ የስልኬን መብራት መያዝና ዕቃ ማቀበል ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅኩት በታሪክ ነው፤ ስለ መኪና የማውቀው ታክሲ ውስጥ መቀመጥን ብቻ። «ካቻቢቴ አምጣ!» «ያንን ኩሽኔታ አቀብለኝ!» «ኮፈኑን ደግፈህ ያዝ!» ግማሹን አልሰማሁትም። ስለዚህ ስልኬ ላይ ቃላቱን መጻፍ ጀመርኩ። ማታ ስቆጥራቸው ከሠላሳ በላይ ሆነዋል። ኢንተርኔት ላይ ባለ መዝገበ ቃላት ሳያቸው ደግሞ አብዛኞቹ ጣልያንኛ ናቸው።

ካንዴላ ማለት ሻማ ነው። ፓራፋንጎ ጭቃ መከላከያ። ቸርኬ ክብ ቀለበት። ስፖኪዮ መስታወት። ፍሬቻ ቀስት ማለት ነው፤ የድሮ መኪኖች ሊታጠፉ ሲሉ ከጎናቸው ቀስት የመሰለ ክንድ ይዘረጉ ነበርና። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ባሌስትራ፣ ካላማዳሪያ፣ ብሎን፣ ላሜራ... ገና ሳትነዷት ደግሞ ሦስት ነገር ያስፈልጋችኋል፦ ሊብሬ፣ ታርጋ፣ ቦሎ። ሦስቱም ጣልያንኛ!

አስቡት እንግዲህ። እንግሊዝ የሠራትን መኪና፣ አማርኛ የሚናገር ሰው፣ በጣልያንኛ ይፈታታል። እንዴት?

መልሱ ደስ የሚል አይደለም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ የገባው ከደሴ በተነሣ፣ ከአንድ ሺህ በላይ ተሽከርካሪዎች ባሉት ሰልፍ ነው። ከዚያ በፊትም መኪና በሀገራችን ነበር፤ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ። ግን ጥቂት ነበር፤ የቤተ መንግሥት፣ የመኳንንትና የነጋዴ። በብዛት የመጣው ከወረራው ጋር፣ የመርዝ ጋዝ ከረጨው ጦር ጋር ነው። መንገዱም የተሠራው በመጀመሪያ ለጦሩ ማለፊያ ነበር። የጭነት መኪናው ሲበላሽ ጠጋኝ ያስፈልጋል፤ ጠጋኙ ረዳት ያስፈልገዋል። ረዳቱ የኛ ሰው ነበር። መጽሐፍ አልተሰጠውም፣ ትምህርት ቤት አልገባም። ጌታው «ካንዴላ!» ብሎ ሲጮህ የቱን ማንሣት እንዳለበት በጆሮው ነው የተማረው። ቃሉ አፉ ውስጥ የአማርኛን ቅርጽ ያዘ፤ ቼርኪዮ ቸርኬ፣ ስፔኪዮ ስፖኪዮ ሆነ።

ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያው ሚያዝያ 27፣ ጃንሆይ ተመልሰው አዲስ አበባ ገቡ። በጣልያኖች ላይ በቀል እንዳይፈጸም አዘዙ። ብዙዎቹን እንግሊዞች አስወጧቸው፤ የተወሰኑ መካኒኮችና ግንበኞች ግን ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም የአሜሪካ መንገድ ባለሙያዎች መጡ፤ ከነሱም ጋር እንግሊዝኛው። ያኔ ግን ጋራዡ ቋንቋውን ይዞ ነበር። ከዚያ በኋላ ላንድሮቨር መጣ፣ ቶዮታ መጣ፣ ላዳ መጣ፤ ሁሉም በዚያው ስም ተፈቱ። ኤን ትሬ የሚባለው የፊያት ጭነት መኪና እንኳ «ትሬ»ው ሦስት ማለት መሆኑን የሚያውቅ ሾፌር ብዙ አይመስለኝም።

ይሄን ሁሉ ለአባዬ ስነግረው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ዝም ብሎ ሰማኝ። የሱ አባት አርበኛ ነበሩ። እነዚህ ቃላት የማን እንደሆኑ ሲሰማ ይናደዳል ብዬ ነበር። «እኔ ካንዴላን የተማርኩት ከጋሼ ነው» አለ፤ የመጀመሪያውን ጋራዥ ጌታውን ማለቱ ነው። «ጋሼ ከየት እንዳመጣው አልጠየቅኩትም። መፍቻ የማን ቃል ነው?» «የኛ» አልኩት። «መሪስ?» «የኛ።» «በቃ፣ መሪውን ከያዝክ ይበቃል» ብሎ ተመልሶ ከሥሯ ገባ።

እሱ ያንን ብሎ ተገላገለ። እኔ ግን ሌላ ነገር ያሳስበኝ ጀመር። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከለከለ። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። አባዬ ሊመርቅለት ሄዶ ኮፈኗን አስከፈተ። ብዙ ቆሞ አያት።

«ካንዴላዋ የት ነው?»

«የላትም፣ ጋሼ።»

«ፍሪሲዮንስ?»

«የላትም።»

«ማርሜታም?»

«እሱም የለም።»

«ጎማ አላት አይደል?» ሲል ሁላችንም ሳቅን። እሱም ሳቀ። ቤት ሲገባ ግን ሻዩን ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

የጽሑፍ ታሪካችን የነገሥታት ነው፣ የጦርነት ነው። የነዚያን ረዳቶች ስም የጻፈልን የለም። የተረፈን ቃላቸው ነው፤ ቃሉም የተቀመጠው ዕቃው ላይ ነው። ካንዴላ የሌላት መኪና ውስጥ የሚያድግ ልጅ «ካንዴላ» የሚል ቃል የሚሰማበት ምክንያት አይኖረውም። ጭሱ ቢቀር ደስ ይለኛል፤ የአዲስ አበባን አየር የምተነፍሰው እኔው ነኝ። ነገር ግን ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ አባት፣ አጎት፣ ጎረቤት ያላችሁ ሰዎች፣ ስልካችሁን አውጡና ጠይቋቸው። ቃሉን ብቻ ሳይሆን ከማን እንደተማሩትም ጻፉ።

ሻንሲው ተቆርጦ በአዲስ ብረት ተበየደ፣ ፍሬኑ ተሠራ፣ ስቱኮና ቀለም ተቀባች። ዓመት ከሁለት ወር ፈጀ። ሞተሯ መጀመሪያ የተነሣች ቀን አባዬ እጁን ኮፈኑ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። «ስማ» አለኝ። ለኔ ጫጫታ ነበር። እሱ ግን አራቱን ፒስተን አንድ በአንድ እያዳመጠ ነበር።

ምርመራ አልፋ ቦሎ የለጠፈች ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ከግቢ ልትወጣ ሆነ። እኔ በሩን ከፍቼ ልገባ ስል እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ከቤት ወጣች።

«ዞር በል ከዚያ» አለችኝ። «ጋቢና የኔ ነው።»

ኋላ ጭነቱ ላይ ተቀምጬ ስልኬን አወጣሁና ዝርዝሩ ላይ ጨመርኩ፦ ጋቢና።