የወይን ዘር ምን ይነግረናል? የዱሩንና የእርሻውን ወይን የመለየት ጥያቄ

በአማርኛችን «ወይን» ሲባል እንደ አገባቡ ተክሉም፣ ፍሬውም፣ መጠጡም ሊሆን ይችላል። አገባቡ ካልታየ በቀር ቃሉ ለብቻው የትኛውን እንደሚያመለክት አይታወቅም። ከጥንት መንደሮች አመድ ውስጥ እየተለቀመ የሚወጣው የወይን ዘርም እንዲሁ ነው። በስፍራው ወይን እንደነበረ ይመሰክራል፤ ወይኑ የዱር ይሁን የእርሻ፣ የተበላ ይሁን የተጠመቀ ግን በቀጥታ አይናገርም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ተመራማሪዎች ይህን ዘር እንዴት ሲያነቡት እንደቆዩ ማሳየትና ከአንድ ምልክት ብቻ ተነሥቶ ስለ መነሻ መደምደም ምን ያህል እንደሚያሳስት ማመልከት ነው።

የዱር ወይን ወንዴና ሴቴ ተክሉ የተለያየ ሲሆን፣ ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ናት። የእርሻው ወይን ግን በአብዛኛው ሁለቱንም ጾታ በአንድ አበባ ስለያዘ ራሱን ችሎ ያፈራል። አበባው ግን ለቁፋሮ አይተርፍም፤ የሚተርፈው ዘሩ ነው። የዱሩ ዘር ባመዛኙ ትንሽ፣ ክብና አንገተ አጭር ሲሆን፣ የእርሻው ረዘም ያለና አንገቱ ወደ ጫፉ የሚሾል ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ገበሬው ዘሩን ብሎ ያልመረጠው መሆኑ ነው። ከዘር የበቀለ ወይን እናቱን ስለማይመስል፣ ጥሩውን ተክል የሚያራቡት ቅርንጫፍ ቆርጦ በመትከል ነው። የተመረጠው ፍሬው ነበር፤ ተፍቶ የሚጣለው ዘር ግን ፍሬውን ተከትሎ ተለወጠ። ስለዚህ ዘሩን ማንም ለመታሰቢያ ብሎ ያልጻፈው መዝገብ ልንለው እንችላለን።

ይህን መዝገብ በቁጥር ለማንበብ ከተደረጉት ሙከራዎች ስሙ በሰፊው የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1911 ስቱመር የተባለው ተመራማሪ ያቀረበው ነው። ስቱመር የዘሩን ወርድ ለርዝመቱ አካፍሎ በ100 አባዛ። ውጤቱ ከ44 እስከ 53 ከሆነ ዘሩ የእርሻ፣ ከ76 እስከ 83 ከሆነ የዱር ነው አለ። ከ54 እስከ 75 ያለው ግን ከሁለቱም ወገን ሊሆን ይችላል። እንግዲህ አጠራጣሪው መካከል ከሁለቱ እርግጠኛ ዳርቻዎች የሰፋ ነበር።

ሌላም ችግር አለ። ከቁፋሮ የሚገኘው ዘር አብዛኛውን ጊዜ የከሰለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ስሚዝና ጆንስ የእርሻ ወይን ዘሮችን አክስለው ሲለኩ፣ ዘሮቹ ክብ ወደ መሆን አዘነበሉ። በሌላ አነጋገር፣ እሳት የእርሻውን ዘር የዱር ሊያስመስለው ይችላል። የጽሑፍ ቅጂዎችን የሚመረምር ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል፤ በእጁ ያለው ንባብ የደራሲው ይሁን የገልባጩ አስቀድሞ መለየት አለበት። ማንጋፋና ኮትሳኪስ እ.ኤ.አ. በ1996 የዘሩን ጠቅላላ ርዝመትና የአንገቱን ርዝመት የመሳሰሉትን ያገናዘበ፣ ለከሰለ ዘር የሚሆን ስሌት ያወጡት ይህን ችግር ለማቃለል ነው።

የጥያቄውን ክብደት ለመረዳት በሰሜን ግሪክ፣ ከጥንታዊቷ ፊልጵስዩስ አጠገብ የሚገኘውን ዲኪሊ ታሽን እንመልከት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4300 ገደማ በተቃጠለ ቤት ውስጥ ከ2,000 በላይ የከሰሉ የወይን ዘሮች ከተጨመቁ የፍሬ ልጣጮች ጋር ተገኝተዋል። ልጣጮቹ ፍሬው እንደተጨመቀ ያስረዳሉ፤ የዘሮቹ ቅርጽ ግን ለዱሩ ይቀርባል። በጆርጂያ ጋዳችሪሊ ጎራ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6000 ገደማ የተሠሩ ሸክላዎች የወይን አሲድ ቅሪት እንደያዙ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ይህም ስለ መጠጡ የሚናገር እንጂ ተክሉ የእርሻ እንደነበረ በራሱ የሚያረጋግጥ አይደለም። ወይንን መጥመቅና ወይንን ማላመድ ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ናቸው። «መጀመሪያ የጠመቅነው እኛ ነን» የሚለው አገራዊ ኩራት ብዙ ጊዜ ሁለቱን ያደባልቃቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የ3,525 የዱርና የእርሻ ወይኖችን የዘር ውርስ የመረመረ ጥናት ወይን ከዛሬ 11,000 ዓመት ገደማ በፊት በምዕራብ እስያና በካውካሰስ፣ በሁለት ስፍራ መላመዱን አመልክቷል። በዚህ ስሌት የዲኪሊ ታሽ ሰዎች ዱር መሳዩን ፍሬ የጨመቁት ማላመድ ከተጀመረ ከአራት ሺህ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። የእርሻው ተክል ገና አልደረሳቸው ይሆናል፤ ወይም ደርሷቸው የዘሩ ቅርጽ ገና አልተለወጠ ይሆናል። ቅርጹ ብቻውን በሁለቱ መካከል አይፈርድም።

ከዚህ የምንረዳው የዘሩ ምስክርነት ዋጋ የሌለው መሆኑን አይደለም። ዘሩ፣ ልጣጩ፣ ሸክላውና የዘር ውርሱ ጎን ለጎን ሲነበቡ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ አንድን ድርሰት በአንድ ቃል ቅርጽ ብቻ ዘመን ከመስጠት የሚቆጠበውም በዚሁ ምክንያት ነው።