ከእስር ቤት ግድግዳ የተገኘ መጽናናት

ካቶሊካዊው የፖላንድ የሙዚቃ ደራሲ ሄንሪክ ጎሬትስኪ (እ.ኤ.አ. 1933–2010) እናቱ የሞተችው ገና በሁለት ዓመቱ ነበር። በ1976 «የሐዘን ዝማሬዎች ሲምፎኒ» የተባለውን ሦስተኛ ሲምፎኒውን ሲጽፍ፣ የሁለተኛውን ክፍል ቃል የወሰደው ዛኮፓኔ ከነበረው የጌስታፖ እስር ቤት ግድግዳ ነው። የጻፈችው በ1944 እዚያ የታሰረች የ18 ዓመት ወጣት ናት። ሌሎች እስረኞች ስለ ንጽሕናቸው ሲጮኹ፣ ገዳዮቻቸውን ሲከሱ፣ እርሷ ግን በቀልን አልጠየቀችም፤ እናቷን አጽናናች፤ ጸለየች። የጎሬትስኪን ልብ የነካው ይህ ነበር። በ1992 የወጣው ቅጂ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ወገኖቼ፣ መዝሙረ ዳዊትን የሚያነብ እንደሚያውቀው፣ በእግዚአብሔር ፊት ማልቀስ አለማመን አይደለም። እንባውን በጌታ ፊት ያፈሰሰ ሰው ሌላውን የሚያጽናናበት ኃይል ያገኛል። ዛሬ በሐዘን ውስጥ ያላችሁ፣ ልቅሷችሁን ወደ እርሱ አቅርቡ።